ለወጣት ቀራፂያን፦ ስለ አንድ ያዘነበለ ጄሶ

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ የጄሶ ሥራውን ከፊቴ አቁሞ «መምህር፣ የቱ ጋ ልቁረጠው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ዓመት ጸጸት ስለ ቀሰቀሰብኝ ወዲያው አልመለስኩለትም።

ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በብረት አጽም ላይ ጄሶ የተነከረ ጆንያ እየደራረበች፣ ሰውም ዛፍም ያልሆነ፣ ወደ አንድ ጎን ክፉኛ ያዘነበለ ረቂቅ ቅርጽ ሠራች። ዙሪያውን ለሚዞር ሰው በየእርምጃው ሊወድቅ የደረሰ እየመሰለ ጸንቶ ይቆም ነበር። እኔ ግን መዘንበሉን እንደ ስህተት ቆጥሬ፣ ፈቃዷን እንኳ ሳልጠይቅ ሞረድ አነሣሁና ያበጠውን ጎን ሞርጄ፣ በሌላው ጎን ጄሶ ጨምሬ አቃናሁት። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። አመሰገነችኝ፤ ከፍተኛ ውጤትም ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ የሠራቻቸው ቅርጾች ሁሉ ቀጥ ብለው የቆሙና የእኔን ሥራ የሚመስሉ ሆኑ፤ እንደዚያ ያዘነበለ ነገር ዳግመኛ ስትሠራ አላየሁም። በዚያ ዓመት ለራሴ ሥራ ጊዜ አጥቼ ስለ ነበር፣ የእጄን ናፍቆት በእርሷ ጄሶ ላይ እንደ ተወጣሁት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የእንግሊዛዊውን ቀራፂ የአንቶኒ ካሮን ነገር ለተማሪዎቼ የማነሣው ለዚህ ነው። ካሮ ከ1951 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የታዋቂው እንግሊዛዊ ቀራፂ የሄንሪ ሙር ረዳት ነበር፤ ሥራው ግን ከሙር ርቆ ሄደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብረት በየደ፣ ቀለም ቀባ፣ መቆሚያውንም ትቶ ሥራውን በቀጥታ ወለል ላይ አኖረው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለንደን ውስጥ በሴንት ማርቲን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ እስከ 1981ም አስተምሯል። የራሱን ሥራ ያልተወ መምህር የተማሪውን ሥራ አይሻማም ብዬ አምናለሁ፤ ወደፊት ለማስተማር የምታስቡ ይህን ያዙልኝ።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ነገር ግን ሥራችሁን በስልክ ከአንድ ጎን አንሥታችሁ አስተያየት ትጠይቃላችሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል። ቅርፃ ቅርፅ የሚታየው ተዙሮ ነው። ያላለቀ ሥራ ለመምህር ባታሳዩ እመርጣለሁ፤ ሆኖም አጽሙ ክብደቱን ካልቻለ ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ስለ አጽሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠይቁን።

ለዚያ ተማሪ የሚቆርጥበትን ቦታ አላመለከትኩትም። ደጋግሞ እንዲዞረው፣ ቆርጦ ቢጸጸት ደግሞ አዲስ ጄሶ ከመጨመሩ በፊት የደረቀውን በውኃ በደንብ እንዲያርሰው ነገርኩት፤ ያልራሰ ጄሶ የአዲሱን ውኃ ስለሚመጥ ሁለቱ አይያያዙም።