ስለ ዩኒፎርም ለምትከራከሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዩኒፎርም ይቅር የምትሉትንም ይቆይ የምትሉትንም ስሰማ ኖሬያለሁ። መንዝ ላይ ማስተማር ጀምሬ ደብረ ብርሃን ላይ በምክትል ርዕሰ መምህርነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህ ክርክር ያልተነሣበት መስከረም አላስታውስም። ይቅር ባዩ «ሁላችንንም አንድ አድርጎ ማንነታችንን ሸፈነው» ይላል። ይቆይ ባዩ «የሀብታምና የደሃ ልጅ እንዳይለይ ያደርጋል» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለው፤ ግን ሁለቱም የሚነሡት ከራሳቸው ገላ ነው። እኔ የምለምናችሁ ከሌላ ቦታ እንድትነሡ ነው። ከክፍላችሁ ውስጥ ይህ ልብስ ከሁሉ የሚከብደው ማን እንደሆነ ፈልጉ፤ አስተያየታችሁንም ከእሱ ወይም ከእሷ ጀምሩ።

መናገር መብታችሁ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ተማሪን ምን አገባው» የሚል ሰው አይጠፋምና። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። ከጠዋት እስከ ማታ የምትለብሱት ልብስ ካልተመለከታችሁ ምን ሊመለከታችሁ ነው?

ሌላ አገር ደግሞ ተማሪዎች ለዚሁ ሐሳብን የመግለጽ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። አሜሪካ ውስጥ ዴሞይን በምትባል ከተማ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው የመጡ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ታግደው ነበር። ከመካከላቸው ሜሪ ቤዝ ቲንከር 13 ዓመቷ ነበር። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1969 ለተማሪዎቹ ተፈረደላቸው።

«ተማሪ ከተጠየቀማ ዩኒፎርም አይኖርም» ብለው ለሚሠጉ የሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልንገር። እንግሊዝ አገር ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1552 ለድሆች ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ ዛሬም ረጅም ሰማያዊ ካባና ቢጫ ካልሲ ያደርጋሉ። በቅርብ ዘመን ይቀየር ወይ ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ይቆይልን ብለዋል። የተጠየቀ ሰው ልብሱን የራሱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። በዚያው ሰዓት ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ደጋውንም ቆላውንም ያንኑ ስስ ቴትሮን ስናለብሰው ልብሱን የመረጠው ሰው አየሩን አልጠየቀም ማለት ነው። የሚገርመኝ ደግሞ አገራችን የሱፍ አገር መሆኗ ነው። በመንዝ በግ ጠጉር ባና የሚሠራበት፣ በርኖስ የሚለበስበት፣ ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትታወቅበት አገር ላይ ልጅ በብርድ ምክንያት ከትምህርት መጉደል የለበትም።

የገጠሩ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሲመጣ ጋቢ ወይም ፎጣ ደርቦ ነው። በር ላይ «ከዩኒፎርም በላይ የተለበሰ ይውለቅ» ይባላል። ያወልቅና አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፤ ቦርሳ የሌለው በፌስታል ይይዘዋል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ ደብተሩን ሳርም የጠዋቱና የረፋዱ ጽሑፍ የሁለት ሰው እጅ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት የጻፈው ፊደሉ የተዛባ፣ ከመስመር የወጣ፣ አንዳንዴም ግማሹ የተዘለለ ነው። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወዲያ፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ጽሑፉ ይቃናል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነው።

እንግዲህ ርዕሰ መምህራችሁ ዘንድ ገብታችሁ «ዩኒፎርሙ አያምርም» ብትሉ መልስ አያጣላችሁም። «ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እጃችን አይጽፍም፤ ደብተራችንን ይመልከቱ» ብትሉት ግን ደብተሩን ለማየት ይገደዳል። ጥያቄያችሁም የተቆረጠ ይሁን፦ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሆነ ማንኛውም ሹራብ ይፈቀድ፤ ከሱቅ ይገዛ፣ ከቦንዳ ይገዛ፣ እናት ትሥራው አይጠየቅ፤ ጋቢ ደርቦ የመጣም ክፍል ውስጥ እንዳያወልቅ ይፈቀድለት።

ከብርዱ ይልቅ ልቤን የሚያምመኝ የመስከረም ነገር ነው። ምዝገባው የሚያልቀው መስከረም ላይ ነው፤ ዩኒፎርምም የሚጠየቀው ያኔ ነው። ሞረትና ጅሩ ላይ ግን ስንዴው የሚታጨደው፣ ጤፉም የሚወቃው ከኅዳር ወዲህ ነው። መስከረም ማለት ገበሬው ጎተራውን አሟጥጦ አዲሱን እህል ቆሞ የሚጠብቅበት ወር ነው። መንዝ ላይ በግ ያለው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ገበያ ያወጣል፤ ከዚያችው ብር ላይ ዘይቱም፣ ደብተሩም፣ ጫማውም፣ የማዳበሪያው ዕዳም ይነሣል። ሦስት ልጅ የሚያስተምር አባት በአንድ ሳምንት ሦስት ዩኒፎርም አሰፋ ሲባል ከየት ያምጣው?

ልጁ «ሳታሰፋ እንዳትመጣ» ተብሎ ይመለሳል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቀራል። ሲመጣ ሒሳቡ ሁለት ምዕራፍ ቀድሞታል፤ እንግሊዝኛውም አይገባውም፤ ያፍርና እንደገና ይቀራል። ጥር ላይ አባትየው እህል ሸጦ ብር ሲይዝ ልጁ ከብት ጥበቃ ገብቷል፣ ወይም ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ወርዷል። እንዲህ የቀሩ ልጆችን በመዝገብ ላይ «አቋረጠ» ብለን ነው የምንጽፋቸው። ምክንያቱን የሚጽፍ ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ዩኒፎርም ያላሰፋ ተማሪ እስከ ጥር መጨረሻ ከክፍል እንዳይባረር። ትምህርት ቤቱ ምንም ወጪ አያወጣበትም። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ታድላለች፤ እኛ ዘንድ ሸክሙ የወላጅ ነውና ቢያንስ ጊዜ እንስጠው።

ይህን ካነሣን ስለ ልብስ ሰፊው ሥራም ልበል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሱሪውን ጫፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል። ልጁ ሲረዝም እጥፋቱ ይለቀቅለታል። የተለቀቀው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ከላይኛው ጠቆር ይላል፤ የድሮው እጥፋት መስመርም ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ይታያል። ያንን መስመር አይታችሁ የምትጠቋቆሙ አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ያ መስመር አንዲት እናት ሁለት ዓመት አስባ ያሰፋችው መሆኑን ነው የሚናገረው። ቀለም በየጊዜው የሚቀያይር ትምህርት ቤት ይህንን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል፤ የታላቅ ልብስ ለታናሽ መተላለፉም ይቀራል። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ቀለሙን ቀይሮ ጨርቁ ከአንድ ሱቅ ብቻ እንዲገዛ ሲያዝ አይቻለሁ፤ ወላጅ አጉረመረመ፣ ከፈለም። እንዲህ ሲሆን ዝም አትበሉ። ቀለም ሳይቀየር ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሴቶች ልጆቼ፣ የእናንተን ነገር ማንም ስለማያነሣላችሁ እኔ ላንሣው። ወንዶችም ይህን አትዝለሉት፤ የተማሪ ተወካይ ሆናችሁ ስብሰባ የምትገቡት ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ፈዛዛ ቀለም ያለው ቀሚስ ለሴት ተማሪ ጭንቅ ነው። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ መልሱን እያወቀች፣ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ መሄድ ፈርታ «አላውቀውም» ስትል በሴት መምህርነቴ ስንቴ አይቻለሁ! በዕረፍት ሰዓት ከወንበሯ አትነሣም። በማግሥቱም ትቀራለች። ከወገብ በታች ያለው ልብስ ጠቆር ያለ ቢሆን፣ ሱሪ የምትፈልግም ሱሪ ብትለብስ ይህ ሁሉ ባይጠፋ እንኳ ይቀልላል። ውርጭ ባለበት አገር ሴት ልጅ ባዶ እግሯን በቀሚስ ትሂድ ማለትም ራሱ አይገባኝም። ቀለሙን የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ሴት ተማሪዎች ይኑሩ። የጨርቁን ናሙና በእጃቸው ይዘው ይምረጡ።

የሴት ልጅን ልብስ ሴቷን ሳይጠይቁ መወሰን የቆየ ልማድ ነው፤ ተማሪ ራሱም ፈጽሞታል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ በሴቶቹ ላይም እንግልት ደረሰ። ያ ትውልድ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ፣ ስለ ጭሰኛው የተቆረቆረ ትውልድ ነው። የጭሰኛውን በደል ያየ ዓይን አጠገቡ የተቀመጠችውን እኅቱን አላየም። እናንተ ከእነሱ የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ እኅቶቻችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ሂጃብን በተመለከተም እንዲሁ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚማሩት። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ በሂጃብ ምክንያት ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ተስተጓጉለው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ መሄዱን ሰምታችኋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዲት ልጅ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። የዩኒፎርሙን ቀለም የጠበቀ ሂጃብ ማንንም አይጎዳም፤ ልጅቱ በር ላይ ብትቀር ግን ጉዳቱ የማይመለስ ነው።

ዩኒፎርም ይቅር ወይስ ይቆይ ብላችሁ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ይቆይ እላለሁ። ዩኒፎርም የደሃና የሀብታም ልጅን ልዩነት ያጠፋል ብዬ አይደለም፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገውና ስኒከር ያደረገው ቁልቁል ሲታዩ ይታወቃሉ። ይቆይ የምለው ቻይና ካምፕ የተጠለሉትን የተፈናቃይ ልጆች ካየሁ በኋላ ነው። ከወለጋ ቤታቸውን ጥለው ደብረ ብርሃን የመጡ ልጆች ክፍል ውስጥ ሲገቡ ሁሉ ዓይን እነሱ ላይ ነበር፤ ልብሳቸው ከየትም የተለገሰ፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው። ዩኒፎርም የተሰጠው አንድ ልጅ በዚያው ዕለት ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ኳስ ሲጫወት አየሁት። ከዚያ በፊት ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚቆመው። ልብሱ ግን ቀድሞ ተሰጥቶት ነው፤ «አምጣ» ተብሎ ከበር ቢመለስ ኖሮ ያው ዩኒፎርም የሚያርቀው ይሆን ነበር።

ስለ ጠባብ ሱሪ፣ ስለ ተቀደደ ጂንስ፣ ስለ ፀጉር ቁርጥ ግን ጉልበታችሁን አታባክኑ። ትምህርት ቤቱም ለፀጉር ብሎ ልጅን ከፈተና ባያስወጣ እመርጣለሁ፤ እናንተም ለፀጉር ብላችሁ የሹራቡን ጥያቄ አታበላሹ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁ ኮሚቴው የፀጉሩን አንሥቶ ይስቅና ይበተናል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። የመስከረም ጩኸት አይረባም፤ ቀለሙ ተወስኗል፣ ጨርቁ ተገዝቷል። ጥያቄ የሚቀርበው ፈተና ሳይጀመር፣ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። በየክፍሉ አለቆች በኩል ሐሳብ አሰባስቡ፤ ሴቶቹ ለብቻቸው እንዲወያዩ አንዲት ሴት መምህር ጠይቁ። በጽሑፍ አድርጋችሁ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስጡ፤ ግልባጩ ለርዕሰ መምህሩ ይድረስ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሹራብ፣ እስከ ጥር የሚሰጥ ጊዜ፣ የማይለዋወጥ ቀለም፣ ጠቆር ያለ ቀሚስ ወይም ሱሪ፤ አራቱ ይበቃሉ። ዩኒፎርም ማሰፋት ያልቻሉትን ልጆች ብዛታቸውን ብቻ ጻፉ፤ ስማቸውን አትጻፉ፣ በስብሰባም አትጥሩ። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ እናንተ ተመርቃችሁ ብትሄዱም የሚቀጥለው ዓመት ተወካዮች እንዲያገኙት የደብዳቤውን ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ዘንድ አስቀምጡ።