ኢንስፔክተሩ ሳያየው ግድግዳ እንዳትደፍኚ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የኩሽናሽን የኤሌክትሪክ መስመር እያስቀየርሽ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ "ለዚህች ሥራ ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል" ብሎሻል። ቅዳሜ ለሳኝ ይገባል። አንቺ ደግሞ "ሥራውን የሚመረምር ኢንስፔክተር ቢመጣ ምን ይለኝ ይሆን" ብለሽ ሰግተሻል። የጻፍሽው የእኔን ታሪክ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄ የተለሰነ ግድግዳ መልሼ አስፈርሻለሁ። ረዘም ቢልብሽም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አምፖል መቀየርና የተሰበረ ሶኬት እዚያው ቦታ ላይ መተካት ብዙ ቦታ ፈቃድ አይጠየቅበትም። አዲስ መስመር መሳብ፣ የብሬከር ሳጥን መቀየር፣ ለኦቭን ለብቻው መስመር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አንቺ ሦስቱንም እያሠራሽ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልግሻል።

1ኛ. ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር በጽሑፍ ተስማሚ። የእኔው ሰውዬ "እሱን ለእኔ ተወው" አለኝ። ተውኩለት። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወፍ የለም። በመጨረሻ ራሴ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። ያ ቢሮ እስካሁን ትዝ ሲለኝ አንጀቴ ቅጥል ይላል። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። "ስዕሉ ላይ የብሬከሩ መጠን አልተጻፈም" ብላ መለሰችልኝ። አስጽፌ ስመለስ "የባለሙያው የሥራ ፈቃድ ቁጥር የለም" አለችኝ። እሱን ይዤ በሦስተኛው ቀን ስመጣ ደግሞ "የቤቱ ማስረጃ ቅጂ የት አለ?" ሦስቱንም በመጀመሪያው ቀን ልትነግረኝ ትችል ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ሰልፍ ይዤ፣ ሦስቴ ደጅ የጠናሁት አንድ ወረቀት ላይ በሚያልቅ ነገር ነው። ሰው ጊዜው እንደዚህ ሲባክን ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው፤ አሁንም እላለሁ።

በኋላ የገባኝን ልንገርሽ። ገና መስኮቱ ጋ ስትደርሺ "ከዚህ ሌላ የሚጎድል ካለ እባክዎን እዚሁ ላይ ሁሉንም ይጻፉልኝ" በያት። ወረቀትና እስክሪብቶ ራስሽ አቅርቢላት። ፊቷ ቢጠቁርም ትጽፋለች። የጻፈችውን ደግሞ በማግስቱ መካድ አትችልም። የተቀበለችበትን ቀን አስፈርሚና በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

2ኛ. ፈቃድ ማውጣት ማለት ሥራው ጸደቀ ማለት አይደለም። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ብዙ ቦታ ምርመራው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሽቦው ተዘርግቶ ግድግዳው ገና ክፍት እያለ ነው። ሁለተኛው ሶኬቱም ብሬከሩም ተገጥሞ ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነው። እኔ ሁለተኛውን ብቻ ነበር የማውቀው። የመጀመሪያው ፈቃዱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አላነበብኩትም። ኤሌክትሪሺያኑ ያውቅ ነበር፤ አልነገረኝም። ለሳኙ "ይህ ሳምንት ካለፈ ለወር አትጠብቁኝ" አለ። እኔም ፈጥኜ አስለሰንኩ። ቀለም ተቀባ። ኦቭኑ ገባ። ለአስር ቀን ያህል ተጠቀምንበት። ኢንስፔክተሩን የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መጣ። ባትሪና ቴስተር ይዟል። ዝምተኛ ሰው ነው። ከሶኬቶቹ በፊት ወደ ግድግዳው ሄደ። አዲሱን ልስን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና "ውስጡን ማን አየው?" አለኝ። "ኤሌክትሪሺያኑ" አልኩት። "እሱማ የሠራው ነው። ሌላ ማን አየው?" ዝም አልኩ። "ያላየሁት ነገር ላይ አልፈርምም" ብሎ የማስተካከያ ወረቀት ጽፎ ወጣ። ተከራክሬያለሁ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌበታለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ስደውል "ሰበብ ፈልጎ ነው" አለኝ። አንድ ጎረቤት ደግሞ "እጁን ጨበጥ ማድረግ ነው እንጂ ምን ግድግዳ መፍረስ አመጣው" አለኝ። እንኳንም አልሰማሁት።

በማግስቱ ሌላ ባለሙያ አምጥቼ ግድግዳውን በመዶሻና በመሮ አስከፈትኩ። እያንዳንዱ ምት እኔ ላይ ያረፈ ነበር የመሰለኝ። ከኦቭኑ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ከተከፈተ በኋላ ባለሙያው ቆመና "ና እይ" አለኝ። ከብሬከሩ የተነሳው 6 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ገመድ መንገድ ላይ አልቋል። የተቀረውን መንገድ ድሮ ግድግዳው ውስጥ ከነበረው ቀጭን 2.5 ካሬ ሽቦ ጋር ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ያለ ምንም ሳጥን ልስን ውስጥ ቀብሮታል። ናስትሮው ተኮማትሯል። ሥሩ ያለው የሽቦው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ፣ በጥፍር ሲነካ እየተፈረፈረ ይወርዳል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የልጆቼ አልጋ ነው ያለው።

ነገሩን አስቢው። 7000 ዋት የሚስብ ኦቭን በ220 ቮልት 32 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ 2.5 ካሬ ሽቦ እንደ አቀማመጡ ከ20 እስከ 25 አምፔር ገደማ ነው የሚችለው። የተገጠመው ብሬከር ግን ባለ 32 ነው። ብሬከር ሽቦውን ከመጋል ሊጠብቅ የሚገባ ዕቃ ነው። ሽቦው ከብሬከሩ ሲቀጥን ጠባቂ የለውም፤ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ይነዳል። በዚያ ላይ ሽቦ የሚቀጠልበት ቦታ ሁሉ በሳጥን ውስጥ፣ ሲፈለግ በሚከፈት ቦታ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ምርመራ ግድግዳው ክፍት እያለ የሚደረገው ይህን ለማየት ነው። ያን ዕለት ኢንስፔክተሩን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። በኋላ ሲመጣም በአፌ ነገርኩት።

3ኛ. ፎቶ አንሺ። ግድግዳው ሲከፈት እያንዳንዱን መስመር ከወለሉና ከጥጉ ጀምሬ ሜትር ዘርግቼ፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጌ አነሳሁ። ፎቶ የኢንስፔክተሩን ዓይን አይተካም። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ፋይሉን አገላብጦ "ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ" አለኝ። ኮርቼበታለሁ። ዛሬ መደርደሪያ ልሰቅል ድሪል ሳነሳ ሽቦው የት እንዳለ በሴንቲሜትር አውቃለሁ። ቤት ለመሸጥ ወይም ኢንሹራንስ ለመጠየቅ የሚያስቡም ያን ፋይል ከተፈረመው ወረቀት ጋር ያስቀምጡት።

ኢንስፔክተሩ የሚመጣ ቀን ኤሌክትሪሺያኑ እዚያው ይኑር። የብሬከር ሳጥኑን ክዳን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ለጥያቄውም መልስ ያለው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ብሬከር ላይ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ተጽፎ ይጠብቀው። የግራውንድ ሽቦ ሁሉም ሶኬት ጋ መድረሱን ቀድማችሁ በቴስተር አረጋግጡ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው መከላከያ ካለሽ ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኚያት፤ ወዲያው መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ኢንስፔክተሩ ከማየቱ በፊት አንቺ አውቀሽ ታስቀይሪዋለሽ። ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር አይሆንም ካለሽ አትጨቃጨቂ። "የትኛው ደንብ እንደሆነ ይጻፉልኝ" በይው። ትክክል ከሆነ ለኤሌክትሪሺያኑ የምታሳዪው ወረቀት አገኘሽ። ትክክል ካልሆነም አቤት የምትይበት አገኘሽ።

የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ የተፈረመው ወረቀት እጅሽ እስኪገባ አትስጪ። እኔ ሙሉውን ከፍዬ ስለነበር ያ ሰውዬ ተመልሶ እንኳን አላየኝም። ማፍረሻውም፣ አዲሱ ገመድም፣ ልስኑም፣ ቀለሙም ሁለተኛ ከኪሴ ወጣ። የእኔ ወጪ ከመጀመሪያው ሥራ በለጠ።

እንግዲህ ለሳኙ ቅዳሜ ይገባል ብለሻል። ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው። ቢያኮርፍም ያኩርፍ፣ ሌላ ለሳኝ ይገኛል። ቢሮው ነገ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰልፈኛ ሁኚ፣ ግድግዳው ክፍት እያለ ምርመራ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ከኦቭኑ ጀርባ ያለውን ደግሞ ዛሬ ማታ ራስሽ በባትሪ እይው። ገመዱ ከብሬከሩ እስከ ኦቭኑ ሳይቆረጥ መሄዱን፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም መነሻውና መድረሻው ላይ አንድ መሆኑን አረጋግጪ። እጅሽን ግን ከማስገባትሽ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርጂ። ፎቶ ካነሳሽ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።