ላፕቶፑን ለጥገና አትስጪው፣ «ይቀየርልኝ» በይ

እህቴ አብሽሪ። ጥያቄሽን ላላነበበ ባጭሩ ላስቀምጠው። ጅዳ ያለችው እህታችሁ በላከችው ብር ደሴ ፒያሳ ላይ «አዲስ ነው» የተባለ ላፕቶፕ ለወንድምሽ ገዛሽለት። ልጁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ይዞት ገባ። ላፕቶፑ ትንሽ እንደሠራ ድርግም ይላል። ባለሱቁ «ሶፍትዌር ነው፣ አምጪውና ፎርማት ይደረጋል» ብሎሻል። ከተገዛ ዛሬ 9 ቀኑ ነው። ልስጠው ወይስ ይመለስልኝ ልበል ነው ያልሽው።

ለጥገና አትስጪው። እኔም ለታናሽ እህቴ ገዝቼ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ነው ይህን ያህል የምጽፍልሽ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ 6 ቀን ቀርቶሻል። ባለሱቁ አዋጁን ባያውቀው እንኳ ቀን ማሳለፍ ያውቃል። ዛሬ ፎርማት ያደርግልሻል። ነገ ይጠፋል። ትመልሺዋለሽ። «ቴክኒሻኑ አልገባም» ይልሻል። ቀጥሎ «ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ» ይመጣል። እንዲህ ሲባል 15ቱ ቀን እልም ይላል። ደግሞ አንዴ ከተከፈተ በኋላ «ማን እንደነካካው አናውቅም» ለማለት ይመቻቸዋል። የዋስትና ስቲከሩም ተቀዶ ታገኚዋለሽ።

ፎርማት ለምን አያድነውም? ላፕቶፕ ሲሞቅ የሚጠፋው ራሱን ለማዳን ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ፋኑ አልዞር ካለ ወይም ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፔስት ከደረቀ ዊንዶውስ መቶ ጊዜ ቢጫን ለውጥ የለውም። ቻርጀሩ ሲነቀል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ባትሪውን ጠርጥሪ። ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ራም፣ ዲስክ ወይም ድራይቨር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ባለሱቁም ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩት።

ወንድምሽ ዛሬ ማታ ይህን ያድርግ። ኤችፒ ከሆነ ሲበራ ኢስኬፕ ቀጥሎ ኤፍ 2፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 12 ተጭኖ ዳያግኖስቲክስ የሚለውን ይምረጥ። የራሱ መመርመሪያ ይመጣል። ይህ መመርመሪያ ከዊንዶውስ ውጭ ነው የሚሠራው። እዚያ ላይ ስህተት ካሳየ «ሶፍትዌር ነው» የሚለው ወሬ አበቃለት። የሚወጣውን ኮድ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ምንም ባያሳይም ተስፋ አይቁረጥ፣ የሙቀት ችግር በአጭር ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ከሚበራበት እስከሚጠፋበት ድረስ ሳያቋርጥ ቪዲዮ ይቅረጸው። የላፕቶፑ ሰዓት እንዲታይ ያድርግ።

ቪዲዮውን የምልሽ በምክንያት ነው። እኛ የተበላሸውን ይዘን ከኮምቦልቻ ደሴ ስንመለስ ባለሱቁ ከፈተው፣ በራ። ፋይል ከፈተ ዘጋ፣ ዘፈን አጫወተ። «ይኸው ይሠራል አይደል እንዴ!» አለ፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ገዢዎች ጭምር እንዲሰሙት። መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ የመጣ ማሽን እንዴት አይበራ? እኔም «ግድ የለም፣ ቪዲዮ ክፈትበትና ቡና እንጠጣ» አልኩት። ከጎን ካለችው ጀበና ቡና መጣልን። ፋኑ ጭጭ ብሏል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፣ ምንም። እሱም ማብሪያው አካባቢ እጁን ጣል አድርጎ ቶሎ አነሳ። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ነው።» እኛ እኮ ያለነው ደሴ ነው፣ ያውም ጋቢ ለብሰን! ይህን ነገር አንቺንም ሊልሽ ስለሚችል መልሱን ያዢ። አብዛኞቹ አምራቾች ላፕቶፕ እስከ 35 ዲግሪ የአየር ሙቀት ድረስ እንዲሠራ አድርገው ነው የሚሠሩት። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል እንጂ ሎጊያ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኮምቦልቻን ያልቻለ ላፕቶፕ ጉድለት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አዲስ» መሆኑን አረጋግጪ። ከሥሩ የተለጠፈው ሲሪያል ቁጥር፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ያለውና ካርቶኑ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው። የኛ ካርቶኑ ሌላ ነበር። ያገለገለ ማሽን አጽድተው የሌላ ላፕቶፕ ካርቶን ውስጥ ከተውታል። በሲኤምዲ (ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የባትሪ ሪፖርት ማውጣትም ይቻላል፣ ትእዛዙን ልጁ ጎግል ያድርገው። ዲዛይን ካፓሲቲ (ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሞልቶ የሚይዘው) የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያመጣል። አዲስ ባትሪ ላይ የሚቀራረቡ ናቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ካነሰ ወይም ሳይክል ካውንቱ (ባትሪው ስንት ዙር ቻርጅ እንደተደረገ የሚቆጥረው) መቶዎች ውስጥ ከገባ ያ ላፕቶፕ ሰው ቤት ኖሮ የመጣ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ይህን ይዘሽ ከሄድሽ ወሬው ከ«ተበላሸ» ወደ «ያልሆነውን ነው ብለህ ሸጥክልኝ» ይዞራል። ባለሱቅ ሁለተኛውን ነው የሚፈራው።

«ስላይትሊ ዩዝድ» (ትንሽ ያገለገለ) መሆኑን አውቀሽ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ገዝተሽ ቢሆን ግን ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ፋን ማጽዳትና ፔስት መቀየር ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው፣ ለሱ ብሎ መካሰስም አያስፈልግም። አንቺ ግን የከፈልሽው የአዲስ ዋጋ ነው።

ደረሰኝሽን አይተሽዋል? በእጅ የተጻፈ ነው ብለሻል። ዋጋው የከፈልሽው ልክ መሆኑን እዪ። ታክስ ለመቀነስ አሳንሰው የሚጽፉ አሉ፣ ገንዘብ ይመለስ ሲባል ያቺን ወረቀት ነው የሚያሳዩሽ። የባንክ ወይም የቴሌብር ዝውውሩን አሁኑኑ ስክሪንሾት አድርጊው። ደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ቢኖርም አትደንግጪ። ይህን ማተሙ አዋጁን አይሽርለትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢው ዕቃውን አይቶ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያሳውቅ ይላል። በስልክ ነግሬዋለሁ ብለሽ አትተኚ። ዛሬውኑ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ «በዚህ ቀን የገዛሁት ላፕቶፕ ራሱን ያጠፋል፣ እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ» ብለሽ ጻፊለት። ቀን ያለው ጽሑፍ እጅሽ ላይ ይኑር።

ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። መጮህም አያስፈልግም። ወሎ ነን፣ ነገር በትልቅ ሰው ያልቃል። እኛ ሲሪያሉን አሳይተነው እንኳ ባለሱቁ ግግም ብሎ ነበር። ነገሩን የጨረሱልን ከጎኑ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ናቸው። ስለ ፕሮሰሰር የሚያውቁት ነገር የለም። ሁለቱን ቁጥሮች ካርቶኑና ላፕቶፑ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ልጄ፣ የሰው ሐቅ ነው፣ ስጣቸው» አሉት። አዋጅ ሲጠቀስበት ፊቱን ያላዞረ ሰው ለሳቸው አንገቱን ደፋ። የአንቺም ባለሱቅ የሚያፍረው ጎረቤት አያጣም፣ ጠይቂ።

ካልሆነ ንግድ መምሪያ ሄደሽ የሸማቾች ጥበቃ ክፍሉን ጠይቂ። ማመልከቻ፣ የደረሰኝ ኮፒ፣ የክፍያ ማስረጃና ፎቶዎቹን ይዘሽ ሂጂ። እኔ የምመክርሽ ማመልከቻውን አስቀድመሽ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ እንድትይዢው ነው። ሱቁ ውስጥ እሺ ካላለ አውጥተሽ አሳዪው። «እከስሃለሁ» እያሉ መዛት ብቻውን ሰው አያስደነግጥም፣ ቀንና ፊርማ ያለው ወረቀት ግን ያስደነግጣል።

እቀይራለሁ ካለሽ ደግሞ ደስ ብሎሽ ቶሎ አትውጪ። «ትንሽ ጨምሪና የተሻለ ውሰጂ» ይመጣል። ከመጨመርሽ በፊት ሌላ ሁለት ሱቅ ዋጋ ጠይቂ፣ ኪሳራውን በዚያ ሊያካክስ ይችላል። የሚሰጥሽ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች አትቀበዪ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። አራት ዓመት ለሚማር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲሱንም እዚያው ቁጭ ብለሽ ቪዲዮ ክፈቺበት፣ ሲሪያሉን አመሳክሪ። ከዚያ አዲሱ ሲሪያልና የተቀየረበት ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍና ማኅተም ይመታበት።

አሮጌውን ከመመለሱ በፊት ልጁ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይገልብጥ፣ ከጂሜይልና ከቴሌግራም ይውጣ፣ ፎቶዎቹንም ያጥፋ። ለመሄድ ሰኞን እመርጥልሻለሁ። የደሴ ገበያ ቀን ስለሆነ ሱቁ በሰው ይሞላል፣ ባለሱቅም ገዢ ፊት መከራከር አይወድም። ካርቶኑንና አብሮት የመጣውን ቻርጀር እንዳትረሺ፣ «በሌላ ቻርጀር ነው ያበላሻችሁት» ማለት ይወዳሉ።