መልስ፦ በአንድ ምሽት ነጥቤ አሽቆለቆለ፤ የኢንተርኔት ቼዝ ልተው?

ወንድሜ፣ 200 ነጥብ በሚያንስህ ሰው ስለተሸነፍህ የጦሳን ተራራ የሚያህል ሐዘን ተሸክመሃል። የቼዝ ተጫዋቾች ደረጃ በነጥብ በሚለካበት በኢሎ ስሌት 200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች የሚጠበቅበት ውጤት 76 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ለደካማው የተተወ ድርሻ ነው። ስለዚህ መሸነፍህ አያስደንቅም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከላክሃቸው ጨዋታዎች እንደሚታየው፣ ፈረስህ በነጻ ከተበላ ወዲህ ነጥቡን ለማስመለስ እርምጃህ እየፈጠነ ሄዷል። ይህ ንዴት እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም። አያቶቻችን በሰንጠረዥ (በባህላዊው የአገራችን ቼዝ)፣ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ፣ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን በተራ መጫወት ይጀምራሉ። አንተ ወረራውን የጀመርኸው ከተበላህ በኋላ ነው!

የ3 ደቂቃውን ጨዋታ ለጊዜው ተወው። 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨምረው ይሻልሃል፤ ኮምቦልቻ ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሰዓቱ አይጠብቅህም። የተሸነፍህበትንም ለኮምፒውተሩ ከማሳየትህ በፊት ራስህ መርምረው፤ እሱ የተሻለውን እርምጃ ያሳይሃል እንጂ ያን ጊዜ ምን አስበህ እንደነበር አያውቅም።

ዛሬ ማታ ግን አትጫወት። ሦስተኛውን ጨዋታ አብረን እንየው፤ ንግሥትህን የለወጥህበት ምክንያት አልገባኝም።