ታናሹ ልዑል የት ቀረ?

ጥያቄ፦ ሰሞኑን የሼክስፒርን «ማክቤት» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አነበብኩ። አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ንጉሥ ደንካን ሲገደል ሁለቱ ልጆቹ ለምን ሸሹ? መሸሻቸው ራሱ ገዳይ አስመሰላቸው እኮ! ታናሹ ዶናልቤንስ በዚያው የት ቀረ?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ብዙ ሰው ልጆቹን በፈሪነት ይወቅሳል። እኔ ግን በዚያች ሌሊት ልብ የገዙት እነሱ ብቻ ናቸው ባይ ነኝ። እስቲ ያሉበትን ይዩት። አባታቸው የተገደለው በዘመዱ በማክቤት ቤት ነው። የተጠረጠሩትን የንጉሡን ዘቦች ደግሞ ራሱ ማክቤት «ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ገደልኳቸው» ብሏል። የሚጠየቅ ሰው አልቀረም ማለት ነው። ማልኮም አልጋ ወራሽነቱ በአደባባይ ታውጇል። ታዲያ ቀጥሎ ጩቤ የሚመዘዘው በማን ላይ ነው? ዶናልቤን ነገሩ ቶሎ ገብቶታል፤ እዚህ ሰው በሳቀ ቁጥር ጩቤ ይታየኛል ይላል። ስለዚህ ማልኮም ወደ እንግሊዝ፣ እሱ ወደ አየርላንድ ሄዱ። የተለያዩትም አብረው እንዳይያዙ ነው። እርስዎ እንዳሉት ግን ጥርጣሬው እነሱ ላይ ወደቀ፤ ማክቤትም ያለ ብዙ ጣጣ ነገሠ።

የዶናልቤን ነገር ይበልጥ ይገርማል። ከዚያች ሌሊት በኋላ መድረክ ላይ ዝር አይልም። በአምስተኛው ገቢር ግን አንዱ መኳንንት «ዶናልቤን ከወንድሙ ጋር ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ሌኖክስ የዘማቾቹ ስም ዝርዝር በእጁ አለ፤ እርግጠኛ ሆኖ «የለም» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሼክስፒር ይህችን ጥያቄ ባያነሳት ማን ይከሰው ነበር?

እንደሚመስለኝ ሼክስፒር እውነተኛውን ታሪክ ያውቃል። በጊዜው በስኮትላንድ ዘውድ የግድ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም ነበር። ከንጉሡ ዘር ጎልማሳና አቅም ያለው ዘመድ ሁሉ ተስፋ ያደርጋል። ደንካን ልጁን አልጋ ወራሽ ሲያደርግ ማክቤት የበገነው ለዚህ ነው። እውነተኛው ደንካን ደግሞ አልጋው ላይ ተኝቶ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1040 በጦር ሜዳ ነው የሞተው። ማክቤት 17 ዓመት ገዛ። ማልኮም በ1058 ዙፋኑን ያዘና በ1093 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ አልንዊክ ላይ ተገደለ።

ይህን ጊዜ ታናሹ ወንድም ብቅ አለ! ታሪክ ዶናልድ 3ኛ ይለዋል። ዕድሜው ገፍቷል፣ ግን የወንድሙን ልጆች ገፍትሮ ነገሠ። ከማልኮም ልጆች አንዱ በ1094 አባረረው። ያ ልጅ በዚያው ዓመት ሲገደል ዶናልድ ተመልሶ ዙፋኑ ላይ ወጣ። በ1097 ሌላው የማልኮም ልጅ ኤድጋር ዶናልድን ለመጨረሻ ጊዜ ከዙፋን አወረደው። ሼክስፒር የጻፈው ደግሞ የማልኮም ዘር የሆነው ጄምስ እንግሊዝን በሚገዛበት ዘመን ነው። በንጉሡ ፊት ይህን አጎት ማን ደፍሮ ያደምቀዋል? በ1097 ሌላው የማልኮም ልጅ ኤድጋር ዶናልድን ለመጨረሻ ጊዜ ከዙፋን አወረደው።