መድኃኒቱ ትሉን አልገድል ሲል

ጥያቄ፦ «በየ3 ወሩ በጎቼን በሙሉ አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት አጠጣለሁ። ድሮ ወዲያው ያገግሙ ነበር። አሁን ግን ከጠጡም በኋላ ይከሳሉ፤ የአንዳንዶቹም መንጋጋ ሥር ያብጣል። መጠኑን ልጨምር?»

መልስ፦ በግምት አይጨምሩ። በተለይ በቅርቡ ከአውራ ጋር የተገናኙ እናት በጎች ካሉዎት ይጠንቀቁ፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። መንጋጋቸው ያበጠውን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። እብጠቱን ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ሄሞንከስም፣ የጉበት ትልም ሊያመጣው ይችላል።

ትሉ መድኃኒቱን ተላምዷል ከማለታችን በፊት አሰጣጡን እንይ። ክብደታቸውን በዓይን ነው የሚገምቱት? ብዙ ሰው አሳንሶ ይገምታል። መጠኑ ሲያንስ ደካማው ትል ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል። ስለዚህ ይመዝኑ። ማጠጫው በትክክል መለካቱንም ያረጋግጡ።

ከዚያ በጠጣቸውን ያስመርምሩ። መድኃኒቱን በሚሰጡበት ቀን ቢያንስ ከ10 በጎች ትኩስ በጠጥ ይውሰዱ፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከእነዚያው በጎች እንደገና ይውሰዱ። የትል እንቁላሉ ቁጥር በ95 በመቶ ካልቀነሰ መላመድ አለ ማለት ነው። ያኔ ወደ ፌንበንዳዞል መዞር አይበጅም። ስሙ ቢለይም ከአልቤንዳዞል ጋር አንድ ወገን ነው። እንደ ሌቫሚዞል ወይም አይቨርሜክቲን ያለ የሌላ ወገን መድኃኒት ሐኪሙ ይምረጥልዎ፤ እሱም መሥራቱ በዚሁ መንገድ ይፈተሽ።

ከሁሉ በላይ እንዲተዉ የምለምንዎት ግን መንጋውን በሙሉ ማጠጣቱን ነው። ሁሉም ሲጠጣ ከመድኃኒቱ የሚተርፈው የተላመደው ትል ብቻ ነው። ግጦሹ ላይ የሚወድቀውም የእሱ እንቁላል ብቻ ይሆናል። ጤነኞቹን ካላጠጡ ግን መድኃኒት የሚገድለው ትልም ዘር ይተርፈዋል፤ ከተላመደው ጋር እየተዳቀለ መላመዱን ያዘገየዋል። ደግሞም አብዛኛው ትል ያለው በጥቂት በጎች ሆድ ውስጥ ነው።

እነማን ይጠጡ? ሄሞንከስ ላለበት መንጋ ዓይን ይናገራል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣት ዝቅ አድርገው ውስጡን በፀሐይ ብርሃን ይዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ይለፉት። ከነጣ ያጠጡት። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ፋማቻ የሚባለው ባለ 5 ደረጃ የቀለም ካርድ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ቀለማቸው በቀይና በነጭ መሐል ለሆነ ግልገሎችና ለሚያጠቡ እናቶች አዳልተው ያጠጧቸው። በዝናብ ወቅት በየ2 ሳምንቱ ይዩዋቸው። ዓይኑ ቀይ ሆኖ የሚከሳ ወይም የሚያስቀምጠው በግ ካለ ሌላ ችግር ስላለ ያስመርምሩት።

ሣሩንም እስከ ሥሩ አያስግጡ። የትሉ እጭ የሚበዛው ከመሬት እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ላይ ነው።

አዲስ በግ ሲገዙ ወዲያው ከመንጋው አይቀላቅሉ፤ የተላመደ ትል ይዞ ሊገባ ይችላል። ለብቻው ያቆዩት፣ ሐኪም ያዘዘውን ይስጡት፤ የሚለቁትም በጠጡ ተመርምሮ መድኃኒቱ መሥራቱ ሲታወቅ ይሁን።