ስለ አሮጌ ቮልስ ጥያቄና መልስ፤ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ቮልሱን ራሱ የሚፈታ ሰው የቸገረውን ይጠይቅ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መልሻለሁ። የማወራው ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዘው አሮጌ ቮልስ ነው። ጠያቂዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዕቃ ቀይረው ነው የመጡት። በእኔ ግምት ግን የዚህ መኪና በሽታ አብዛኛው በካቻቢቴ፣ በ13 ቁልፍና ክፍተት በሚለካው ቀጭን ብረት (ፊለር ጌጅ) ይድናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ ቮልሴ ጠዋት ጥሩ ይነሳል። ትንሽ እንደሄድኩ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳልረግጥ) ይጠፋል። ዳር ይዤ ጥቂት ስቆይ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ካርቡራተሩ ታጥቧል፣ የቤንዚን ፓምፑም ተቀይሯል።

መልስ፦ ፓምፑን በከንቱ ነው የቀየርከው። ካርቡራተርህ ውስጥ በረዶ እየተጋገረ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይስባል፤ አየሩ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ የካርቡራተሩ ጉሮሮ በረዶ ይይዛል። ለዚህ ውርጭ አያስፈልግም፣ የአዲስ አበባ ሐምሌ ይበቃዋል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር ትኩስ ጭስ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ከማኒፎልዱ (ቤንዚንና አየሩን ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቱቦ) ጋር አያይዘው ከካርቡራተሩ ሥር አሳልፈዋል። ያ ቱቦ በጊዜ ብዛት በጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ግራና ቀኝ በጥንቃቄ ንካው። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ከሌለው ተደፍኗል ማለት ነው። ማኒፎልዱን አውርደህ በብረት ገመድ ፈልፍለው፤ እንቢ ካለ ጋዝ በያጅ ዘንድ ወስደህ እያጋላችሁ ሞክሩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽህም። ወደ አየር ማጣሪያው አፍ ሙቅ አየር የምታመጣው ቱቦም ከብዙ መኪና ላይ ጠፍታለች፤ የአንተም ከሌለች መልሳት።

ጥያቄ፦ ቫልቩ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። አሁን ማንም ሳይነካው ጸጥ ብሏል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚንኳኳ ቫልቭ ያናድዳል፣ ጸጥ ያለው ግን ይቃጠላል። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ማስተላለፍ ስለማይችል ጠርዙ ይበላል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ዘይት ስትቀይሪ አብረሽ ለኪው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን፤ ማታ አቁመሽ ጠዋት ጀምሪ። ለቀደሙት ሞተሮች 0.10፣ ለኋለኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንቺ ሞተር የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው አረጋግጪ። ቁጥር 1 ሲሊንደር በስተቀኝ፣ ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው። እሱን ጨርሰሽ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ግማሽ ዙር ስታዞሪው 2 ይመጣል፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4።

በተለይ የቁጥር 3ን የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርጥሪ። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ሞተሩን በንፋስ በሚያቀዘቅዘው ቬንቲሌተር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከዚህ ሲሊንደር ላይ ንፋስ ይሻማል። ባስተካከልሽው ቁጥር ክፍተቱ እንደገና እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፤ ተበጥሶ ፒስቶኑን ሳይሰብር ቴስታታውን አስወርጂው።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ የዲናሞው ቀይ መብራት በራ። ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልደርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማቀዝቀዣውን ቬንቲሌተርም ያዞራል። ወዲያው አቁመህ ከኋላ እይ። ቺንጋው ካለና ካልላላ ችግሩ የቻርጅ ብቻ ነው፣ ቤትህ ትደርሳለህ። ከተበጠሰ አንድም ሜትር አትንዳ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ልኩ ነው።

ጥያቄ፦ የዘይት ፊልትሮው የት ነው?

መልስ፦ የለውም። ከሥር በ6 ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ ወንፊት አለ፤ በቤንዚን እጠበው፣ 2.5 ሊትር ሙላ። ዳዶዎቹን በጉልበት አታጥብቅ፣ ጥርሳቸው ይበላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴ አዲስ አበባ የ1960ዎቹ ቮልስ አላቸው። ስመጣ ምን ዕቃ ላምጣላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ 6 ቮልት ይሁን 12 ጠይቅ። ባትሪው ላይ 3 ክዳን ካለ 6 ነው፣ 6 ክዳን ካለ 12። የሻንሲ ቁጥሩንም ይላኩልህ፤ የኋላው ወንበር ሲነሳ መሀል ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መኪናው ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ ዕቃ አታጣም። የእሳት ማደያውን ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ጎማዎች አምጣ። ከሁሉ በላይ ጥሩ የቤንዚን ጎማ ቱቦ። ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) አታምጣ፤ ሻንጣ ይጨርሳል፣ እዚህም ይበየዳል።

ጥያቄ፦ ከኋላ የቤንዚን ሽታ አለ። ቮልስ ሁሌም ይሸታል ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ የሚልህን ሰው አትስማ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው ጎማ ቱቦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚን የሚንጠባጠበው ደግሞ ከሚጋለው ሞተርና ከእሳት ማደያው አጠገብ ነው። ቱቦውን እጠፈው፤ ስንጥቅ ካየህ ዛሬውኑ ቀይር፣ ጫፎቹንም በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰር። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ አፍ ያዝና ነቅነቅ አድርጋት፤ ከላላች አንድ ቀን ወልቃ ትወድቃለች። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል፤ የዱቄት ማጥፊያ ያዝ። እግረ መንገድህን ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ እይ። ክዳን ከሌለው ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ፖዘቲቩን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረው ወደ አዋሽ ስወርድ ዳገት ላይ ይንጫጫል፣ ይግላልም። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ አልቸኩልም።

መልስ፦ አባቴ፣ አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ አንዳንድ ሜካኒክ ካርቡራተሩ ውስጥ ትንሽ ጂግለር (ቤንዚን የሚለካ ቀዳዳ) ያስገባል፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜም ያስቀድማል። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ያው ጂግለር ቤንዚን ያሳንሳል፣ የቀደመው እሳትም ፒስቶኑን ይመታል። ከመውረድዎ በፊት ሁለቱንም ወደ ፋብሪካው ልክ ያስመልሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ቤንዚን ቢበላም ሞተር ከመብላት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቮልስ አይደለም፣ ይቅርታ። መርሰዲስ 240 ዲ፣ የ123 ሞዴል። ቁልፉን አውጥቼም ሞተሩ አይጠፋም።

መልስ፦ ይህ ናፍጣ ሞተር የሚጠፋው በቫኪዩም ነው፤ ቫኪዩሙ የሆነ ቦታ ሲያፈስ የናፍጣ ፓምፑ አይዘጋም። ለጊዜው ኮፈኑን ከፍተህ «ስቶፕ» የተጻፈበትን ማንሻ ተጫን። የበሮቹ መቆለፊያም በዚያው ቫኪዩም ስለሚሠራ አንድ በር ውስጥ የተቀደደች ጎማ ሞተሩን እንዳይጠፋ ልታደርገው ትችላለች። ከዋናው ቱቦ የሚነሱትን ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ እየደፈንክ ቁልፉን ሞክር፤ የትኛው ሲደፈን ሞተሩ ከጠፋ ቀዳዳው እዚያ መስመር ላይ ነው።